ታማኝ ስለሆንኩ ውጭ የቀረሁበት ዓርብ

ኳስ የማትወዱ ሰዎች ይህን ጽሑፍ ትታችሁ እንዳትሄዱ። ነገሬ ስለ ኳስ ቢመስልም፣ በዚያ ዓርብ ኳሱን እኔ ራሴ ብዙም አላየሁትም። አብዛኛውን ጨዋታ ያሳለፍኩት ከአጥሩ ውጭ፣ ፊቴን ወደ አንድ ትልቅ ሸራ አዙሬ፣ ስልኬን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ቤቴም፣ ዓርቤም፣ ትዳሬም እንደ ድሮው አልሆኑም።

አድማሱ እባላለሁ። ከጎንደር በልጅነቴ መጥቼ ያደግሁት እስራኤል፣ ቂርያት ጋት ከተማ ነው። የምሠራውም እዚሁ በኢንዱስትሪ ቀጠናው፣ ባልዲና ሳፋ የሚያመርት የፕላስቲክ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ያኔ ማን እንደነበርኩ ብትጠይቁኝ መልሴ አጭር ነው፤ የከተማችን ቡድን ደጋፊ ነበርኩ። ቡድኑን አታውቁትም። ታች ባሉት ሊጎች ውስጥ አንድ ዓመት ይወጣል፣ ሁለት ዓመት ይወርዳል። ማልያው ወይን ጠጅ ነው፤ ሁለት ጊዜ ሲታጠብ ሮዝ ይሆናል። እንዲያም ሆኖ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ሚኑይ ገዝቻለሁ። ሚኑይ የምንለው የዓመቱን ጨዋታ ሁሉ የሚያስገባውን ካርድ ነው። ዝናብ ሲወርድ እዚያ ነበርኩ። ስድስት ለባዶ ስንሸነፍ ነበርኩ። በረኛችን ታሞ የአሰልጣኙ የአክስት ልጅ ጓንት አጥልቆ የገባ ዕለትም ነበርኩ፤ ያን ቀን ስንት እንደገባብን አትጠይቁኝ።

ጨዋታው ዓርብ ቀን፣ ሰንበት ሳይገባ ነው። ዓርብ ደግሞ ባለቤቴ ማንጠግቦሽ ሦስት ድስት ጥዳ፣ ቤቱን አጥባ፣ ልብስ አጣጥፋ ሰንበትን የምትቀበልበት ቀን ነው። እኔ ቁርሴን በልቼ ሻርፔን እጠመጥምና «መጣሁ» ብዬ እወጣለሁ። እሷ «ሂድ፣ ከእግሬ ሥር ጥፋልኝ» ትለኛለች። ይህን እንደ ምርቃት ነበር የምቆጥረው።

ባለፈው ክረምት ሚኑዬን ላሳድስ ወደ ክለቡ ቢሮ ሄድኩ። ቢሮው ከሜዳው ጎን ያለች አንዲት ክፍል ናት። ሊያት የምትባል ደስ የምትል ወጣት ትሠራበታለች። ዋጋውን ስትነግረኝ የሌላ ሰው ስም የከፈተች መሰለኝ። የአምናውን እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው።

ከጀርባዋ ግድግዳው ላይ አዲስ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ባልና ሚስት ሕፃን ትከሻቸው ላይ አድርገው ይስቃሉ። ሥሩ፣ «አዲስ ደጋፊ ነህ? ግማሽ ዋጋ! ሻርፕ በነፃ! ጥላ ያለበት መቀመጫ!» ይላል።

«ይሄ ሃናኻስ?» አልኳት። ቅናሹን ማለቴ ነው።

«እሱ ለአዲሶች ነው። አዲሱ ሰፈር፣ ካርሜ ጋት ላይ ስንት ወጣት ቤተሰብ ገባ! እነሱን መሳብ አለብን።»

«እኔስ?»

«አንተማ አለህ።»

«ብቀርስ?»

ሳቀች። በክፋት አልነበረም፤ ልጅ አጎቷ ሲቀልድ እንደምትስቀው ነው። «አድማሱ፣ አንተ እኮ የትም አትሄድም!»

ስድብ ቢሆን መልስ ነበረኝ። እውነት ስለሆነ ግን ካርዱን ሳላሳድስ ወጣሁ።

ቤት ገብቼ ሁለት ቀን አጉረመረምኩ። ምግብ አልበላ አለኝ። ፋብሪካ ውስጥ ሳፋ ስደረድር እንኳ «የትም አትሄድም» የሚለው ቃል ከማሽኑ ድምፅ ጋር ይመላለስብኛል። በሦስተኛው ቀን ግን አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ያኔ ሐሳቡ በጣም ብልህ መስሎኝ ብቻዬን ፈገግ አልኩ።

«ማንጤ፣ መታወቂያሽን ስጪኝ።»

«ምን ልታደርግበት?»

«አዲስ ደጋፊ ላደርግሽ።»

«የምን?»

«የኳስ።»

«ቀስ በል፣ ሰው ይሰማሃል» አለችኝ። ዋጋው ግማሽ መሆኑን ስነግራት ግን መታወቂያውን ከቦርሳዋ እስክታወጣ ጊዜ አልፈጀባትም። ማንጠግቦሽ ግማሽ ዋጋ የተባለ ነገር አልፋ መሄድ አትችልም። አንድ ጊዜ ግማሽ ዋጋ ነው ብላ የበረዶ መንሸራተቻ ጓንት ገዝታለች፤ ቂርያት ጋት ውስጥ!

ቅጹን በስልኬ ሞላሁት። «ቡድናችንን ለምን መረጡ?» የሚል ጥያቄ ነበረው። ከልማዴ የተነሳ «ከልጅነቴ ጀምሮ ስለምወደው» ብዬ ጻፍኩና አዲስ መሆኔ ትዝ ሲለኝ አጠፋሁት። «ጎረቤት መክሮኝ» አልኩ። ፎቶ ሲጠይቀኝ በእህቷ ልጅ ሰርግ ላይ የተነሳችውን፣ ሹሩባ ተሠርታ በሀበሻ ቀሚስ የቆመችበትን ላክሁ። ማን ያየዋል ብዬ ነው።

የመጀመሪያው ጨዋታ ቀን ደረሰ። ከሥራ ጓደኛዬ ጋር ሚሽመሬት፣ የሥራ ፈረቃ ማለት ነው፣ ተቀያይሬ ጎህ ሲቀድ ተነሳሁ። ሜዳው ጋ ስደርስ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ሰልፉ እስከ መኪና ማቆሚያው ደርሷል። በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ሜዳችን ሞልቶ አያውቅም፤ ያ ግማሽ ዋጋ አገሩን ሁሉ ጎትቶ አምጥቶታል።

በሩ ላይ የቆሙት አባ ፈንታ ናቸው። አባ ፈንታ የበሩ ጠባቂ ሆነው ስንት ዓመታቸው ነው፤ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ «ደህና አደርክ ልጄ» ይሉኛል። በዚያን ዕለት ግን እጃቸው ላይ አዲስ ማሽን ነበር። ካርዴን አስጠጋሁ። ማሽኑ ጮኸ። አባ ፈንታ መነጽራቸውን አውርደው ስክሪኑን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ፣ እንደገና ስክሪኑን አዩ።

«ልጄ፣ እዚህ ላይ ሹሩባ አለህ።»

«አባ ፈንታ፣ እኔን ያውቁኛል እኮ!»

«እኔ አውቅሃለሁ። ማሽኑ አያውቅህም። ማንጠግቦሽ ነው የሚለው። አንተ ማንጠግቦሽ ነህ?»

ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ሳቀ። የዕለት ትኬት ልግዛ ብል አልቋል። ላብ በላብ ሆኜ ወደ ቤት ደወልኩ። ቤታችን ቅርብ ነው፤ ማንጠግቦሽ በሩብ ሰዓት ውስጥ ደረሰች፣ ሻሿን እንዳሰረች፣ እጇ ሽንኩርት ሽንኩርት እየሸተተ።

«ገንዘቡ ተከፍሏል?» አለች ነገሩን ስነግራት።

«ተከፍሏል።»

«ይመለሳል?»

«አይመለስም።»

ትንሽ አሰበች። «እንግዲያው እኔ እገባለሁ። ከፍለንበትማ ወንበሩ ባዶውን አይቀመጥም።»

«ድስቱስ?»

«አጥፍቼው መጥቻለሁ።»

ካርዱን ከእጄ ነጠቀችና ገባች። ማሽኑ አረንጓዴ አበራላት። አንዱ ልጅ አዲስ ሻርፕ አንገቷ ላይ አደረገላት። አባ ፈንታ «እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ» አሏት። እኔ ከበሩ ውጭ ቀረሁ።

ወደ ቤት መሄድ ነበረብኝ። እግሬ ግን ወደ አጥሩ ወሰደኝ። ድሮ ከአጥሩ ሽቦ መካከል ትንሽ ይታይ ነበር፤ ዘንድሮ ዙሪያውን ሸራ አልብሰውታል። ሸራው ላይ እነዚያው ባልና ሚስት ሕፃናቸውን ተሸክመው ይስቁብኛል። ከሸራው ሥር ደግሞ አንድ ሰው በተገለበጠ የአትክልት ሣጥን ላይ ተቀምጧል። ሺሞን ነው! ሺሞን አትክልት ነጋዴ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠን ዳኛ ሰድበናል።

«አንተ ምን ትሠራለህ እዚህ?» አልኩት።

«ዋጋውን ሲጨምሩብኝ ሁለተኛ እዚህ ሜዳ አልገባም ብዬ ማልኩ። አልሰማም ብዬ ግን አልማልኩም» አለና በሣጥኑ ላይ ቦታ ለቀቀልኝ።

ፉጨት ተሰማ፤ ጨዋታው ተጀመረ። ወዲያው ለማንጠግቦሽ ደወልኩ።

«ማንጤ፣ ምን ይታያል?»

«ሰው ይታያል። ኧረ ስንት ሰው! ቦታዬ ጥላ ነው፤ ነፋስም አለው።»

«ጨዋታውን ንገሪኝ!»

«ይሯሯጣሉ።»

«ኳሱ የት ነው?»

«ሜዳው ላይ።»

«በማን እጅ ነው?»

«በእጅ አይነካም አላልክም እንዴ?»

ሺሞን ጎተተኝ። አማርኛ አይሰማምና እያንዳንዷን ቃል ወደ ዕብራይስጥ እንድመልስለት ይፈልጋል። «ምን አለች?»

«በእጅ አይነካም አለች።»

«በእጅ ነኩ? ቅጣት ምት ነው?»

«ቆይ!» አልኩትና ወደ ስልኩ ተመለስኩ። «ማንጤ፣ የእኛ በረኛ እንዴት ነው?»

«ያ ብቻውን የቆመው? አሳዘነኝ። ማንም አያናግረውም።»

«ምን አለች?» አለ ሺሞን።

«በረኛው አሳዘነኝ አለች።»

ሺሞን ጭንቅላቱን ያዘ። «ገባበት ማለት ነው!»

እንዲህ ሆነን ግማሽ ሰዓት ሄድን። አንዱ የመስመር ዳኛ «ባንዲራውን እንደ ሰርግ ሚዜ ያውለበልባል» ትለኛለች። አንዱ ተጫዋች ወድቆ «እናቱን እየጠራ ነው፣ ሰው የለውም እንዴ?»። ግን ቀስ በቀስ ድምፅዋ ሲለወጥ ይሰማኝ ጀመር። መጀመሪያ «እነዚያ» ትል ነበር፤ ከዚያ «የኛዎቹ» አለች። ከዕረፍት በኋላ ደግሞ ጥያቄዬን መመለሷን ትታ «ስጠው! ለዚያ ለቀጭኑ ስጠው!» እያለች በአማርኛ ትጮህ ነበር።

አንድ የወንድ ድምፅ በዕብራይስጥ ሲያናግራት ሰማሁ። «እመቤቴ፣ ከማን ጋር ነው የምታወሪው?»

«ከባሌ ጋር።»

«የት ነው እሱ?»

«ውጭ ነው። አጥሩ ሥር።»

«ለምን ውጭ ሆነ?»

ማንጠግቦሽ ምንም ሳትጠራጠር መለሰች። «ታማኝ ደጋፊ ስለሆነ ነው።»

ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። በየዓመቱ የመጀመሪያው ጨዋታ ላይ በድምፅ ማጉያ ንግግር የሚያደርገው የክለቡ ሊቀ መንበር ነው። «ማንጤ ዝጊው! ስልኩን ዝጊው!» አልኩ። እሷ ግን ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣዋለች መሰለኝ፣ አትሰማኝም።

«አልገባኝም» አለ ሊቀ መንበሩ።

«ምኑ አልገባህም? አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ለከፈለ ሰው ዋጋ ትጨምራላችሁ፤ ኳስ ክብ መሆኑን ዛሬ ለሰማሁት ለኔ ግማሽ ትቀንሳላችሁ። ጥላም ሰጣችሁኝ፣ ሻርፕም ሰጣችሁኝ። እኔ ደጋፊ አይደለሁም! ባሌ ነው ለቅናሹ ብሎ በስሜ ያስመዘገበኝ። ቅጹንም እሱ ነው የሞላው። ስሙ አድማሱ ይባላል።»

ስሜን እንኳ አልተወችም። ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ።

«ምን አለች?» አለ ሺሞን።

«ሸጠችኝ» አልኩት።

ያን ጊዜ ከሸራው ወዲያ ምድር የሚያናውጥ ጩኸት ፈነዳ። ጎል ነው! የማን እንደሆነ ግን አናውቅም። ሺሞን ተጠመጠመብኝ።

«ለኛ ነው?» አለኝ።

«አላውቅም።»

«ታዲያ ለምን ታቅፈኛለህ?»

«አንተ እኮ ነህ ያቀፍከኝ!»

ገና እንደተቃቀፍን አባ ፈንታ ከበሩ በኩል ቀስ እያሉ ሲመጡ አየሁ። ከጎናቸው ኮት የለበሰ አንድ የክለቡ ሠራተኛ አለ። በዚያች ቅጽበት ያላሰብኩት የለም። ለዘላለም ሊያግዱኝ ነው አልኩ። ፖሊስ ሊጠሩብኝ ነው አልኩ። ፋብሪካው ድረስ ደብዳቤ ሊጽፉ፣ ስሜ ከነማታለሌ ሊወጣ ነው አልኩ። ለሩጫ ዙሪያውን አየሁ፤ በአርባ ስድስት ዓመቴ፣ በዚያ ፀሐይ የት እደርሳለሁ?

«አድማሱ፣ ና ልጄ፣ ይፈልጉሃል» አሉኝ አባ ፈንታ።

«አባ ፈንታ፣ ተቆጥተዋል?»

«እኔ በር ነው የምጠብቅ ልጄ፤ የሰው ልብ አላይም።»

ሺሞን ዝቅ ብሎ «ፖሊስ ከሆነ አላውቅህም» አለኝ። ይኸው የአሥራ አንድ ዓመት ወዳጅነት።

አባ ፈንታ ማሽኑን በእጃቸው ሸፍነው በሩን ከፈቱልኝ። ጥላው ወዳለበት መቀመጫ ወጣሁ። የገጠመኝን ትዕይንት እስከ ዛሬ አልረሳውም። ማንጠግቦሽ መቀመጫው ላይ ቆማ፣ ሻሿ ወደ ኋላ ተንሸራቶ፣ ዳኛውን «ዓይንህን ታጠብ!» ትለዋለች። ሊቀ መንበሩ ከጎኗ ቆሞ የሚቆረጥመው የሱፍ ፍሬ ከእጁ እየፈሰሰ አብሯት ይጮሃል። ውጤቱ አንድ ለአንድ ነው። የሰማነው ጎል የኛ ነበር፤ የእነዚያን ጎል ማንጠግቦሽ ሳትነግረኝ ነው ያለፈችው።

ሊቀ መንበሩ ዞር ብሎ አየኝ። «አንተ ነህ ታማኙ?»

«ነኝ።»

«ተናገር፤ ምን ልትለኝ ትፈልጋለህ?»

ይህን ጥያቄ ስንት ዓመት ስጠብቀው ኖሬያለሁ! አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ ያረቀቅሁት ንግግር ነበረኝ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ስድስት ለባዶው፣ ስለ አሰልጣኙ የአክስት ልጅ፤ ሁሉም በቅደም ተከተል ተቀምጧል። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «የተከበሩ ሊቀ መንበር...» ስል ዳኛው ፉጨቱን ነፋ። ለኛ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ፤ በመጨረሻው ደቂቃ!

ንግግሬ በነነ። ማንጠግቦሽ ክንዴን ጨመደደችኝ። ሊቀ መንበሩ ሌላውን ክንዴን ያዘኝ። ቀጭኑ ተጫዋቻችን ኳሱን አስቀምጦ ተንደረደረና መታው። ኳሱ ከጎሉ በላይ፣ ከአጥሩ በላይ፣ ከሸራው ላይ ከሚስቁት ባልና ሚስት በላይ አልፎ ሄደ። ስታዲየሙ እንደ መቃብር ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ከውጭ የሺሞን ድምፅ ተሰማ፤ «አየሁት! ኳሱን አየሁት!»

በዚያው አለቀ። ማንጠግቦሽ ዓይኗ እንባ ሞላ። ሊቀ መንበሩ የቀረውን ሱፍ ከእጁ አራገፈ። ከዚያ «ውጭ ያለው ማነው?» አለኝ። «ሌላ ታማኝ ነው» አልኩት። «ሰኞ ሁለታችሁም ቢሮ ኑ» አለና ወረደ።

ወደ ቤት ስንመለስ ማንጠግቦሽ መንገዱን ሙሉ አወራች። ቀጭኑ መምታት አልነበረበትም። በረኛው ጥሩ ልጅ ነው፣ ሰው ቢያበረታታው። እኔ ስለ ሰኞ እያሰብኩ «እህ» እላለሁ። ሕንጻችን ሥር ስንደርስ ቆመች።

«አድማሱ፣ ያቺ የቢሮ ልጅ የትም አትሄድም ስላለችህ ሁለት ቀን ምግብ አልበላ አለህ፣ አይደል?»

«አዎ።»

«እኔን አሥራ ስምንት ዓመት፣ ዓርብ ዓርብ፣ ከድስት ጋር ጥለኸኝ ስትሄድ አንድ ቀን ነይ ብለኸኝ ታውቃለህ?»

«ኳስ አትወጂም ብዬ ነዋ።»

«ጠይቀኸኛል?»

አልጠየቅኋትም። አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋትም።

«የትም አትሄድም ብለህ ነው» አለችኝና ደረጃውን ቀድማኝ ወጣች። ስትናገር አልተቆጣችም፤ ያ ነው የባሰብኝ። ሊያት ስትለኝ የቆጠቆጠኝን ያህል ሦስት እጥፍ እዚያ ደረጃ ሥር ቆጠቆጠኝ። የዚያን ቀን ቤት ገብቼ የቀረውን ድስት የጨረስኩት እኔ ነኝ። ወጡ አረረብኝ፤ እንዳረረ በላነው።

ሰኞ ሺሞንና እኔ ቢሮ ሄድን። ሊቀ መንበሩ ነገር አላበዛብንም። የነባሮቹ ዋጋ ከአዲሶቹ እኩል እንዲሆን ወሰነ። ስለ ማታለሌ ይቅርታ ልጠይቅ ስል አስቆመኝ። «ምን አታለልክ? ሚስትህ አዲስ ደጋፊ ናት ብለህ ጻፍክ፤ እኔ ከአጠገቧ ተቀምጬ አይቻለሁ፣ ናት» አለኝ። ሺሞን ግን መሐላው አሳስቦት ራቢውን፣ የሃይማኖት አባቱን፣ ጠይቆ፣ መሐላውን አስፈትቶ ነው ሜዳው የገባው።

አሁን ሐሙስ ማታ ሁለታችንም ወጥ ቤት እንገባለን። ሽንኩርት መክተፍ የኔ ሥራ ነው። ዓርብ ረፋድ ላይ ቤቱ ተዘጋጅቶ፣ በሩ ተቆልፎ፣ አብረን እንወጣለን።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ ቡድናችሁም ሆነ ባንካችሁ ወይም የስልክ ኩባንያችሁ ለአዲሱ ሰው እያነጠፈ እናንተን ከረሳችሁ ዝም አትበሉ፤ ሄዳችሁ ጠይቁ። መናገር ካቃታችሁም ሚስታችሁን ላኩ። ግን ጫማችሁን ከማሰራችሁ በፊት እቤታችሁ ውስጥ አንድ ጊዜ ዞር ብላችሁ እዩ። እኔ ሌላው ሲያደርግብኝ ያቃጠለኝን ነገር እኔ ራሴ በገዛ ቤቴ ሳደርገው ኖሬያለሁ፤ ያውም ምንም ሳላውቅ፣ ደህና ሰው ነኝ እያልኩ።

ይህን የምጽፍላችሁ ዓርብ ቀን ነው። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። ቡድናችን ከመጨረሻ ሁለተኛ ነው። ጉልበቴን ቁርጥማት ይዞኛልና እውነቱን ለመናገር ዛሬ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ቤት ብቀመጥ ደስ ይለኝ ነበር። ማንጠግቦሽ ግን ካፖርቷን ለብሳ፣ ጃንጥላ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

«ተነስ እንጂ» ትለኛለች። «በረኛው ብቻውን ነው።»